ሠላሳ አንድ ሚሊሜትር

ቅጹን ያዘጋጀው ሰው በረዶ ያየው ማቀዝቀዣ ውስጥ ብቻ መሆን አለበት። የተራራው ጣቢያ ሠራተኛ ይህን ማለት ከጀመረች አሥራ ስምንት ዓመት ሆናት፤ የሰማት የለም። ቅጽ አንድ ላይ የሚሞላው ዝናብ ነው፤ በየስድስት ሰዓቱ እየተለካ በሬዲዮ መገናኛ ወደ ታች ይነገራል። በረዶ ግን ቅጽ ሁለት ላይ ነው የሚሞላው፤ እሱም በወር አንድ ጊዜ፣ በሁለት ኮፒ፣ በፖስታ ይላካል። ተራራው አናት ላይ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ጣቢያ ለሚኖር ሰው ክረምት ማለት ዝናብና በረዶ እየተፈራረቁ፣ ሲብስም እየተደባለቁ የሚወርዱበት ወቅት ነው። ታች ከተማ ቢሮ ለተቀመጡት ደግሞ ሁለቱ በሁለት ፋይል የተቀመጡ፣ ከቶ የማይተዋወቁ ነገሮች ናቸው።

ሥራዋ ዝናብ መለካት ነው። ከጣቢያው በር ሃያ እርምጃ ርቆ፣ በሽቦ አጥር መካከል፣ ከአጥሩ ከፍ ባለ ምሰሶ ላይ አንድ አፈ ሰፊ የቆርቆሮ መለኪያ ቆሟል፤ ሆዱ ውስጥ ጠባብ የመስታወት ቱቦ አለ። ሰዓቱ ሲደርስ ትወጣለች፤ ቱቦውን አንስታ ዓይኗን ከውኃው መስመር ጋር ታስተካክላለች፤ ታነባለች፣ ትደፋለች፣ ገብታ ትጽፋለች። ነፋስ ሲያንገላታትም ወጥታለች፣ ትኩሳት ሲይዛትም ወጥታለች፣ ባሏ በተቀበረ ማግስትም ወጥታለች። በዚህ የተነሳ የመንገድ ሠራተኛውም ነጋዴውም «ሚሊሜትር» እያለ ይጠራታል። ሥጋ ስትገዛ ሚዛኑ ላይ ዓይኗን ስትተክል ሻጩን ላብ ላብ ይለዋል ይባላል። ስሙን አትወደውም። ነገር ግን በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ በዓይኗ ያላየችውን ቁጥር አንድም ቀን ጽፋ አታውቅም፤ በዚህ ትኮራለች፣ ኩራቷንም ለመደበቅ አትደክምም።

የዚያን ሳምንት ሦስት ቀን ሙሉ በረዶ ጣለ። የአጥሩን እንጨት ዋጠ፣ መስኮቱን እስከ ግማሽ ሸፈነ። በዱላ ስትለካው አንድ ሜትር ከሃያ ሆነ፤ እንደ ደንቡ ቅጽ ሁለት ላይ ሞላችው። በአራተኛው ቀን ጠዋት ከጣሪያው የሚንጠባጠብ ውኃ ቀሰቀሳት። ወጥታ ቴርሞሜትሩን ብታየው ስድስት ዲግሪ ይላል። ነፋሱ ሞቅ ብሏል። ወዲያው ዝናቡ ጀመረ፤ ዶፍ የሚሉት ዓይነት ሳይሆን የማያባራ፣ ትዕግሥተኛ፣ በረዶው ውስጥ ሰርጎ የሚገባ ዝናብ። በዚህ ተራራ ላይ የኖረ ሰው ሁሉ የሚፈራው እሱን ነው። ዝናቡ ብቻውን ቢሆን ወንዙ ይሸከመዋል። በረዶውም ብቻውን ቢሆን እስከ በጋ ድረስ ቀስ እያለ ይቀልጣል። ሞቅ ያለ ዝናብ ሦስት ቀን በተከመረ በረዶ ላይ ሲወርድ ግን ሁለቱ ተያይዘው ባንድ ጊዜ ነው ቁልቁል የሚሄዱት።

ቁልቁል ማለት ደግሞ ታችኛው ሰፈር ማለት ነው። ወንዙ ከተማው መግቢያ ላይ ሲታጠፍ፣ በእጥፋቱ ሆድ ውስጥ ስልሳ የሚሆኑ ቤቶች አሉ። ከስልሳዎቹ አንዱ የታላቅ እህቷ ነው። እናታቸው ስትሞት እሷ የስድስት ዓመት ልጅ፣ እህቷ ደግሞ የአሥራ ሰባት ዓመት ኮረዳ ነበረች፤ ያሳደገቻት፣ ያስተማረቻት፣ ተቆጥታ የገረፈቻትና መልሳ ያባበለቻት እሷ ናት። በዚህ ዓለም ላይ ከእሷ ሌላ የቀራት ሰው የለም። በዚህ ዓለም ላይ ከእሷ የባሰ ግትር ሰውም የለም።

ሰባት ሰዓት ላይ ደወለችላት።

«እታለም፣ አሁኑኑ ከቤት ውጪ።»

«ምነው? ሳይረን ጮኸ እንዴ?»

«አልጮኸም።»

«ታዲያ?»

«ጮኸም አልጮኸም ውኃው ይመጣል። በረዶው እየተናደ ነው። ኮትሽን ልበሺና ወደ ትምህርት ቤቱ ኮረብታ ውጪ።»

እህቷ ስልኩ ውስጥ በረጅሙ ተነፈሰች። ጫጩት ፈልፍላ የምትሸጥ ሴት ናት፤ ከሳሎኗ ይልቅ ለመፈልፈያ ማሽኗ ነው የምትጨነቀው። «አንቺ ልጅ፣ ሦስት መቶ እንቁላል ማሽን ውስጥ አለኝ። አሥራ ዘጠኝ ቀን እንደ ሕፃን ስጠብቃቸው ከርሜ፣ ከነገ ወዲያ ሊፈለፈሉ ሲሉ ጥዬ ልውጣ?»

«እንቁላሉ ይበልጣል ወይስ ነፍስሽ?»

«አምናም እንዲሁ ብለው አስወጡን። አዳራሽ ውስጥ ስናስነጥስ ዋልን፤ ጎርፍ የተባለው ቁርጭምጭሚትም አልደረሰ። ስንመለስ የማን ቤት እንደተሰበረ፣ የማን ቴሌቪዥን እንደሄደ ታውቂያለሽ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባላል። እኔ ዶሮ አረባለሁ እንጂ ዶሮ አይደለሁም። ሳይረኑ ሲጮህ እወጣለሁ።»

«ሳይረኑ የሚጮኸው እኔ በምሰጠው ቁጥር ነው እኮ!»

«እንግዲያው ስጫቸዋ» አለችና ስልኩን ዘጋችው።

ስልኩን ግድግዳው ላይ ልትወረውረው ከጀላት፤ የመንግሥት ንብረት ስለሆነ ቀስ ብላ አስቀመጠችው። ችግሩ እህቷ ያለችው ነገር ሙሉ በሙሉ ስህተት አለመሆኑ ነው። ሰፈሩ ሁሉ እንደ እሷ ነው የሚያስበው። ከአምናው ወዲህ ያለ ሳይረን ከቤቱ ንቅንቅ የሚል አንድ ሰው የለም። ሳይረኑ ደግሞ ከተማ ውስጥ፣ ቢሮው ጣሪያ ላይ ነው ያለው፤ የሚጮኸውም በአንድ ደንብ ብቻ ነው፦ የተራራው መለኪያ በስድስት ሰዓት ውስጥ ሃምሳ ሚሊሜትር ሲያሳይ።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን ሲል ወጣች። ሃያው እርምጃ ሃያ ደቂቃ የፈጀባት መሰላት። እግሯ እስከ ጭኗ ይሰምጣል፣ ሲወጣ ውኃ ይዞ ይወጣል። ቆም ስትል ከበረዶው ሥር የሚሮጥ ውኃ ይሰማታል፤ በየትኛውም ቅጽ ላይ ቦታ የሌለው ውኃ። ቱቦውን አነሳች። ዓይኗን አስተካከለች። ሠላሳ አንድ። እንደገና አየችው፤ ያው ሠላሳ አንድ ነው። ደፋችውና ተመለሰች።

«ማዕከል፣ ማዕከል፣ ጣቢያ አራት ነኝ።»

«ጣቢያ አራት፣ ይቀጥሉ እትዬ።» የዕለቱ ተረኛ ነው። ድምፁ ሁልጊዜ የተተኮሰ ሸሚዝ የለበሰ ሰው ድምፅ ነው።

«ሠላሳ አንድ።»

«ሠላሳ አንድ። ተመዝግቧል። እናመሰግናለን።»

«ቆይ አትዝጋ። ሳይረኑን አስጩኸው።»

መገናኛው ለትንሽ ጊዜ ተንሿሿ። «እትዬ፣ ሃምሳ አልሞላም እኮ።»

«አልሞላም። ግን ከአንድ ሜትር በላይ በረዶ ላይ ነው የዘነበው። በረዶው ውኃ ሆኗል፤ እየሄደ ነው፣ ወደ እናንተ እየመጣ ነው።»

«በረዶ ቅጽ ሁለት ነው።»

«አውቃለሁ ቅጽ ሁለት እንደሆነ! እኔ አይደለሁ የምሞላው?»

«ቅጽ ሁለት የሚታየው በወሩ መጨረሻ ነው።»

«በረዶው ወሩ እስኪያልቅ ይጠብቃል እንዴ?»

«እሱን አላውቅም እትዬ። እኔ የማውቀው ሃምሳን ነው።»

ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ማለት ይኼ ነው። ትንፋሿን ሰበሰበች። «እሺ፣ ዋናውን መሐንዲስ አገናኘኝ።»

«ስብሰባ ላይ ናቸው።»

«በዚህ ዝናብ የምን ስብሰባ ነው?»

«የክረምት ዝግጅት ስብሰባ።»

ልትስቅ ነበር። «ጥራልኛ! በሩን አንኳኳ!»

«ስልክ አጥፍተው ነው የገቡት፤ ያሉት ሌላ ሕንፃ ነው። እትዬ፣ እኔ አላምንዎትም አልወጣኝም። ያለ ቁጥር ከነካሁት ግን ነገ ይቺ ወንበር የእኔ አይደለችም። አምና የነካው ልጅ የት እንዳለ ያውቃሉ? መጋዘን ውስጥ ጎማ ይቆጥራል። ሃምሳ ይበሉኝ፣ ዓይኔን ሳላሽ እጫነዋለሁ። ሃምሳ ካላሉኝ ምን ላድርግ?»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም የሚሉት እውነት ነው። ይሁን እንጂ ልጁ ሞኝ አልነበረም። የፈራ ሰው ነበር፤ የፈራውም በቂ ምክንያት ኖሮት ነው፤ እሷን ይበልጥ ያበሳጫት ደግሞ ይኼ ነው። ሞኝ ቢሆን ትሰድበውና ይወጣላት ነበር።

በመስኮቱ ወደ ውጭ አየች። የአጥሩ እንጨት ጫፍ ብቅ ብሏል። ጠዋት አይታይም ነበር።

«እስቲ ቆየኝ» አለች። «በደንብ ያየሁት አልመሰለኝም። ተመልሼ ላንብበው።»

ቱቦው እንደተደፋ ታውቃለች፤ የሚነበብ ነገር የለም። ሆኖም በሩን ከፍታ ደፍ ላይ ቆመች፤ ሃያ እርምጃ ለመሄድ፣ ለማንበብና ሃያ እርምጃ ለመመለስ የሚበቃውን ጊዜ በልቧ ቆጠረች። ስትዋሽ እንኳ ልክ መያዝ አልቀረላትም። ሃምሳ ብትል ውሸት ይመስላል፤ እውነተኛ ዝናብ ደፍኖ አይዘንብም። ስልሳ ብትል ስግብግብነት ይሆናል። ፊቷ ላይ ዝናቡ እየወረደ ሃምሳ ሁለትን መረጠች።

«ሃምሳ ሁለት» አለችው ተመልሳ።

«ቅድም ሠላሳ አንድ ነበር ያሉኝ።»

«መነጽሬ ላይ ውኃ ነበረበት።»

«ሃምሳ ሁለት?»

«ሃምሳ ሁለት አልኩህ። ስንት ጊዜ ልበልህ?»

«እየተጫንኩት ነው» አለ ተረኛው። ድምፁ ከሸሚዙ የወጣ መሰለ።

የሳይረኑ ጩኸት ተራራው ላይ አይደርስም። መዝገቡን ገለጠች፤ ሃምሳ ሁለት ብላ ጻፈች። የእጅ ጽሑፏ ያው የሁልጊዜው ነበር፤ እሱም አናደዳት። ቢያንስ ትንሽ ሊንቀጠቀጥ ይገባው ነበር።

ሳይረኑ የጮኸው ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ውኃው የደረሰው አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ሲቀረው ነው። ያየ ሰው እንደሚናገረው፣ ደራሹ ጎርፍ የመጣው በእግሩ የቆመ ያህል ነው፤ ግንድና የበረዶ ቋጥኝ፣ የመንገድ ምልክትና አንድ ሙሉ የአውቶቡስ ማቆሚያ ታቅፎ። እጥፋቱ ላይ ያሉትን ሦስት ቤቶች ከነመሠረታቸው ወሰዳቸው። የቀሩት እስከ መስኮታቸው ጭቃ ጠጡ። ከታችኛው ሰፈር አንድም ሰው አልሞተም። ከሰፈሩ ሰው ሁሉ በመጨረሻ የወጣችው እህቷ ነበረች፤ የወጣችውም አርባ ስድስት እንቁላል በኮቷ ውስጥ ደረቷ ላይ ደርድራ፣ አጠገቧ የሚደርሰውን ሁሉ «አትግፉኝ!» እያለች ነው።

ቤቷ የሚገባበት ስላልሆነ በአምስተኛው ቀን የበረዶ ጠራጊው መኪና ሾፌር ወደ ተራራው ይዟት ወጣ። አሥራ አንድ ጫጩት በካርቶን ይዛ ነበር፤ ከአርባ ስድስቱ የተረፉት እነሱ ናቸው። ጫጩቶቹ ከምድጃው ኋላ ሰፈሩ። እህቷ አልጋው ላይ ሰፈረች። እሷ ወለሉ ላይ ሰፈረች። ጣቢያው ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰላም አላገኘም።

«በደንብ ብትነግሪኝ ኖሮ ማሽኑን አስጭኜ በጊዜ እወጣ ነበር» ትላለች እህቷ ጠዋት።

«ነግሬሽ ነበር።»

«እንደዚያ አይነገርም። ከልጅነትሽ ጀምሮ ነገር ስታወሪ ታጉረመርሚያለሽ» ትላለች በምሳ ሰዓት። ማታ ደግሞ ማሽኑ ስንት ዓመት እንዳገለገላት፣ ሙቀቱን እንዴት እንደሚጠብቅ፣ ሁለተኛ እንደሱ ያለ እንደማይሠራ ትተርካለች። እንደገና «በደንብ ብትነግሪኝ ኖሮ» ትላለች። በአሥረኛው ቀን ሚሊሜትር ትዕግሥቷ አለቀና ሁሉንም ዘረገፈችላት፦ መለኪያው ሠላሳ አንድ እንደነበር፣ ሳይረኑ የጮኸው በውሸት እንደሆነ፣ ውሸቱም መዝገብ ላይ ተጽፎ እንደተቀመጠ።

እህቷ እያራገበች የነበረውን ምድጃ ተወችው። ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች። «ለማንም እንዳትነግሪ። ዝም አይነቅዝም። የሞተ የለ፣ የተጎዳ የለ፤ ሆድ ይፍጀው በይ።»

እሷም እንደዚያው ልታደርግ ቆርጣ ነበር። በርግጥ እንቅልፍ አጥታለች። መዝገቡን ከመደርደሪያው ስታወርድ ዓይኗ ያንን ገጽ ይሸሻል። ነገር ግን እንቅልፍ ያጣ ሰው ሞቶ አያውቅም፤ ስልሳ ቤት ሙሉ ሰው ደግሞ ተርፏል። ይህን እያለች ራሷን ስታጽናና ነው የቢሮው መኪና በር ላይ የቆመው።

ዋናው መሐንዲስ ራሱ ነው የመጣው፤ ቀጭን፣ ትሁት፣ ጫማውን ጠርጎ የሚገባ ሰው። ከኋላው ተረኛው ልጅ አንድ ከባድ ሣጥን ተሸክሞ ገባ። ሚሊሜትር በዓይኗ ስታየው የመጀመሪያዋ ነው። ሸሚዙ እውነትም የተተኮሰ ነበር።

መሐንዲሱ በመስታወት የተቀመጠ የምስጋና ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ጫጩቶቹ እግሩ ሥር ሲርመሰመሱ እንዳይረግጣቸው እየተጠነቀቀ ወንበር ላይ ተቀመጠ። «እርስዎ የስንት ሰው ሕይወት እንዳተረፉ ያውቃሉ?» አላት።

«ዝናቡን ነው የለካሁት» አለች፤ ምላሷ ላይ ኮመጠጣት።

«በትክክል! ቁም ነገሩ እሱ ነው። ሃምሳ የሚለው ቁጥራችን እኮ እስካሁን ግምት ነበር። ግማሾቻችን ይበዛል፣ ወደ ሠላሳ ይውረድ እንል ነበር፤ በረዶ ካለ ወንዙ ቶሎ ይሞላል ብለን። ሁለት ዓመት ተከራከርንበት። የእርስዎ ንባብ ክርክሩን ዘጋው። በሃምሳ ሁለት ሳይረኑ ጮኸ፣ ሰው ለመውጣት አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ አገኘ። ሃምሳ ልክ ነው ማለት ነው።»

ሚሊሜትር ወንበሩን ፈለገችና ተቀመጠች።

መሐንዲሱ የሣጥኑን ክዳን ከፈተ። ውስጡ አዲስ መለኪያ ነው፤ የሚያብረቀርቅ፣ ገመድና ትንሽ አንቴና ያለው። ራሱ ይለካል፣ ራሱ ለሳይረኑ ምልክት ይልካል፤ ቅጽ የለም፣ ሬዲዮ የለም፣ ተረኛ የለም። እሷ እንደ ጠባቂ ትቆያለች፣ ቤቱም ጡረታ እስክትወጣ የእሷ ነው። መሐንዲሱ ይህን ሲናገር ፈገግ ብሎ ወደ እህቷ አየ። እህቷም በሕይወቷ እንደዚያ ጨዋ ሆና ታይታ አታውቅም፤ እጆቿን አጣጥፋ አንገቷን ሰበር አደረገች።

«ምልክት የሚልከው ስንት ላይ ሲደርስ ነው?» አለች ሚሊሜትር።

«ሃምሳ ላይ። አንዴ ከተስተካከለ በኋላ ማንም አይነካውም።»

ከምድጃው በኩል እህቷ ሳለች። ከዚያ አንድ ጊዜ ደግማ፣ ጉሮሮዋ እስኪሰነጠቅ ሳለች።

ሚሊሜትር ሳሉን ሰምታዋለች። ዓይኗ ግን ማሽኑ ላይ ነበር። የሚመጣውን ክረምት ወይም ከዚያ የሚቀጥለውን አሰበች፤ ሦስት ቀን በረዶ፣ ከዚያ ሞቅ ያለ ዝናብ፣ ከዚያ ሠላሳ አንድ። ማሽኑ ሠላሳ አንድን በትክክል ይለካል፣ ዝም ይላል። ማሽን አይዋሽም። ደጃፉ ላይ ቆሞ እርምጃ የሚቆጥር፣ መነጽሬ ላይ ውኃ ነበረበት የሚል ሰው አይኖርም። እሷ ያዳነቻቸው የስልሳ ቤት ሰዎች እሷ በጻፈችው ቁጥር ተኝተው ይወሰዳሉ። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ደንቡን ያወጡትን ሰዎች ስትረግም ኖራ፣ አሁን ደንቡን ያወጣችው እሷ ሆና ቁጭ አለች።

«ሃምሳ ሁለት አልነበረም» አለች።

«ምኑ?»

«ሠላሳ አንድ ነበር። ሃምሳ ሁለት ያልኩት ሳይረኑ እንዲጮህ ነው።»

እህቷ የያዘችውን የጫጩት መኖ ቆርቆሮ ለቀቀችው። ጫጩቶቹ ብቻ ናቸው ደስ ያላቸው።

መጀመሪያ የተናገረው ተረኛው ነው። «እትዬ! እኔ እኮ እርስዎን አምኜ ነው! ሁለት ሳምንት ሙሉ ትክክል ሠራሁ ብዬ...» አልጨረሰውም። ቦርሳውን ከፍቶ የሬዲዮ መዝገቡን አወጣና ገጹን ለመሐንዲሱ ዘረጋለት። በመመሪያው መሠረት ስህተት አይፋቅም፤ በአንድ መስመር ይሰረዝና ይፈረምበታል። ሠላሳ አንድ፣ አንድ መስመር፣ ፊርማ፣ ከጎኑ ሃምሳ ሁለት።

መሐንዲሱ ለረጅም ጊዜ አየው። «ይኼ የሚያሳየው ሁለት ቁጥር መባሉን ነው» አለ በመጨረሻ። «እውነቱ የትኛው እንደሆነ አያሳይም።» ወደ እሷ ዞረ። አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻላት ነበር። «በአሥራ ስምንት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ሌላ ስንት አለ?»

«አንድም የለም።»

«በምን ልወቅ?»

በርዷት፣ ታማ፣ አልቅሳ የወጣችባቸው ጠዋቶች ሁሉ መደርደሪያው ላይ ተደርድረዋል፤ አንዳቸውም ሊመሰክሩላት አይችሉም። እንዲህ ያለ ሕመም ባሏ ከሞተ ወዲህ አልተሰማትም።

«ታዲያ አሁን የቱን ልመን?» አለ መሐንዲሱ። «ቅድም ዋሽቼ ነበር የሚል ሰው አሁን እንደማይዋሽ በምን አውቃለሁ? ያለ ማስረጃ ከሃምሳ ወደ ሠላሳ ማውረድ አልችልም። እንደገና መጠናት አለበት። ኮሚቴ...»

ኮሚቴ የሚለውን ቃል ስትሰማ ደሟ ፈላ። አንቱታውንም ረሳችው።

«አትመነኝ!» አለችው። «ማን እመነኝ አለህ? ግን እስቲ እኔ እንደምለካው ለካው። ሠላሳ ላይ አድርገኸው እኔ ዋሽቼ ከሆነ፣ ማሽንህ በከንቱ ይጮሃል። ሰው በከንቱ ኮረብታ ይወጣል፣ አዳራሽ ውስጥ ያስነጥሳል፣ እኔንም አንተንም ሲረግም ይውላል። ሃምሳ ላይ አድርገኸው እኔ እውነቴን ከሆነ ግን ማንም አይረግመንም። የሚረግም አይተርፍማ።»

መሐንዲሱ መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገው፣ መልሶ አደረገው። ከዚያ ሣጥኑ ላይ ጎንበስ ብሎ ከማሽኑ ጎን ያለችውን ትንሽ መዘውር በጥፍሩ አዞረ። ሠላሳ ላይ አቆማት። ተረኛው እጁን ወደ መዝገቡ ሰደደ፤ ምን ብሎ እንደሚጽፍ ግን ጨነቀው።

«መዝገቦችዎን ልጠቀምባቸው አልችልም» አለ መሐንዲሱ ሲነሳ። «አንዱ ከተበላሸ ሁሉንም መጣል ነው ደንቡ። እርስዎም እስከ ወሩ መጨረሻ ነው እዚህ የሚቆዩት። አዝናለሁ።» እውነትም ያዘነ ይመስል ነበር። የምስጋና ወረቀቱን ከጠረጴዛው ላይ አነሳና ብብቱ ሥር አደረገው።

ማሽኑን አጥሩ ውስጥ ሲተክሉ ሁለቱ እህትማማቾች በመስኮት አዩአቸው። ሥራው አንድ ሰዓት ያህል ፈጀ። የድሮውን የቆርቆሮ መለኪያ ነቅለው መኪናው ላይ ጫኑት። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ ሚሊሜትር በልማድ ከወንበሯ ብድግ አለች፣ መልሳ ተቀመጠች።

መኪናው ከሄደ በኋላ እህቷ ከወለሉ ላይ መኖውን በእጇ ሰበሰበች። ሚሊሜትር ውርጅብኙን እየጠበቀች ነበር፦ ዝም በይ ብዬሽ ነበር፣ አሁን የት ልንገባ ነው፣ ከልጅነትሽ ጀምሮ። እህቷ ግን ምንም ሳትል ካርቶኑን አመጣች፤ ጫጩቶቹን አንድ በአንድ እያነሳች ማስገባት ጀመረች። አሥራ አንዱንም ከጨረሰች በኋላ ጀርባዋን እንደሰጠቻት ቆመች።

«ሰባት ሰዓት ላይ ደውለሽልኝ ነበር» አለች።

«ደውዬልሽ ነበር።»

«በደንብም ነግረሽኛል። አላጉረመረምሽም።» ድምፅዋ ተሰበረ፤ በዚህ ዕድሜዋ ሲሰበር ሚሊሜትር ሰምታው አታውቅም። «ሠላሳ አንድ ነው ብትይኝ፣ እግሬ ላይ ወድቀሽ ብትለምኚኝም አልወጣም ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«አልወጣም ነበር» አለች እህቷ እንደገና፣ ካርቶኑንም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።